ፍል ውሃ ዳር ልብስ የምትጠብቀው ማን ናት?

እነሆ የካቲት ገባ። ይርጋጨፌ ለምንኖር ሰዎች የካቲት የመተንፈሻ ወር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ ቡና ሲለቀም፣ ሲፈለፈል፣ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲገላበጥ ይከርምና አሁን አብዛኛው ሥራ ይገባደዳል። ልጆች የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ፈተና ጨርሰዋል። የበልጉ ዝናብ ገና አልጠነከረም፤ መንገዱ ደረቅ ነው። እናንተም አዲስ አበባ ኑሩ ሐዋሳ፣ ዲላ ኑሩ አዳማ፣ በዚህ ሰሞን ቤታችሁ ውስጥ «እስኪ ልጆቹን ይዘን አንድ ቦታ ደርሰን እንምጣ» የሚል ሐሳብ ሳይነሣ አይቀርም።

የዚህ ወር ሐሳቤ ፍል ውሃ ነው። ደን በለበሰ ተራራ ሥር ከመሬት ሆድ ሞቆ የሚወጣ ውሃ። ለዚህ ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ጃፓኖች ፍል ውሃቸውን እንዴት እንደያዙት ብናውቅ የራሳችንን በሌላ ዓይን ማየት እንጀምራለን። ስለዚህ ከእነሱ ልነሣ።

ሃኮኔ ላይ ምን ያደርጋሉ?

ጃፓኖች የእኛን ቡና አጥብቀው ይወዳሉ፤ በየቡና መሸጫቸው የይርጋጨፌን ስም «ሞካ» ከሚል ስም ጋር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሥራዬ የቡና ገበያ ነውና ከገዢዎች ጋር ስንገናኝ ወሬው ከቡና ወጥቶ ወደ ዕረፍት ከዞረ አንድ ቃል ይነሣል፦ ኦንሰን። ፍል ውሃ ማለት ነው።

ጃፓን እሳተ ገሞራ የበዛባት አገር ስለሆነች ማደሪያ ያላቸው የፍል ውሃ አካባቢዎቿ ወደ 3,000 ይጠጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የፍል ውሃ ሕግም አላት። ከምንጩ ሲወጣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም በሕጉ የተዘረዘሩትን ማዕድናት በተወሰነ መጠን የያዘ ውሃ ኦንሰን ተብሎ ይጠበቃል። በያማናሺ ተራሮች መካከል ያለው የኒሺያማ ኦንሰን ኬይዩንካን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ705 እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ በጊነስ መዝገብም በዓለም ረጅም ዕድሜ ያለው ሆቴል ተብሎ ሰፍሯል።

ለከተማ ቤተሰብ በጣም የሚታወቀው ግን ሃኮኔ ነው። ሃኮኔ የተራራ በር ነው። በጥንት ጊዜ ከኤዶ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ ወደ ኪዮቶ የሚወስደው የቶካይዶ መንገድ የሚያልፈው በዚህ ደን በሞላበት ዳገት ነበር፤ መንገደኛው የሚፈተሽበት ኬላም ነበረበት። ዛሬ የቶኪዮ ሰው ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በባቡር ይደርስበታል። እዚያው አካባቢ ኦዋኩዳኒ የሚባል ጭስና የድኝ ሽታ የሚወጣበት ሸለቆ አለ። በዚያ ፍል ውሃ እንቁላል ይቀቅላሉ፤ ቅርፊቱ ከሰል መስሎ ይወጣል፤ ጎብኚው ተሰልፎ ይገዛል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ባህላዊው ማረፊያ ስትደርሱ ጫማችሁን ታወልቃላችሁ። ዩካታ የሚባል ስስ የጥጥ ልብስ ይሰጣችኋል። ወደ ውሃው ከመግባታችሁ በፊት ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ገላችሁን በሳሙና ትታጠባላችሁ፤ ሳሙናው ከላያችሁ ሙልጭ ብሎ መልቀቅ አለበት። ምክንያቱም ገንዳው ቆሻሻ የሚለቀቅበት አይደለም፤ የጸዳ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ነው። ሴቶችና ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይገባሉ። ትንሿ ፎጣ እንኳ ውሃው ውስጥ አትነከርም። ከዚያ በኋላ ራት ማረፊያው ያዘጋጃል፤ ብዙ ቦታ ክፍላችሁ ድረስ ይመጣል። ምኝታችሁን ሌላ ሰው ያነጥፋል።

እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። በዚያ ማረፊያ ቤተሰቡ በሙሉ፣ እናቲቱም ጭምር፣ እንግዳ ነው። ይህን ነገር ያዙት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የራሳችን ውሃ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። አዲስ አበባ ራሷ የፍል ውሃ ልጅ ናት። የአፄ ምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ በነበረ ጊዜ መኳንንቱ ከብርዱ ሸሽተው ወደ ፊንፊኔ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በውሃው አጠገብ ቤት ተሠራ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ እዚያው ተቆረቆረች። ፍል ውሃ እየተባለ የሚጠራው ስፍራ እስከ ዛሬ ድረስ የከተማው ሰው ክፍል ይዞ የሚታጠብበት ነው።

ከአዲስ አበባ ወጣ ስትሉ ደግሞ አምቦ አለ፤ ወሊሶ አለ፤ ከአዳማ ብዙም የማይርቀው ሶደሬ አለ። በሰሜን በኩል ከባሕር ዳር ወረድ ብሎ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ የሚሄዱበት ዋንዛዬ አለ። እኛ ደቡብ ያለነው ደግሞ ይርጋዓለም አካባቢ ጊዳቦ ፍል ውሃን እናውቃለን።

ከሁሉ ግን ሃኮኔን የሚያስታውሰኝ ወንዶ ገነት ነው። ተራራው አለ፤ ደኑ አለ፤ ፍል ውሃው አለ። የሚቀቀል ነገርም አለ፤ ልዩነቱ በእንቁላል ፈንታ ድንችና በቆሎ መሆኑ ነው። ምንጩ አጠገብ ውሃው ከመጋሉ የተነሣ የአካባቢው ልጆች ድንችና በቆሎ እየቀቀሉ ለጎብኚ ይሸጣሉ። የሻሸመኔ ድንች ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ውሃው ለምን ይሞቃል? ልጆቻችሁ ይጠይቋችኋልና ተዘጋጁ። ወንዶ ገነት የስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቦታ ነው። በስምጥ ሸለቆ መሬቱ እየተሳሳበ ተሰነጣጥቋል፤ ከታች ያለው ሙቀትም ለላይኛው መሬት ቅርብ ነው። ተራራው ላይ የወረደ ዝናብ በስንጥቁ ወደ ጥልቀት ይገባና ሞቆ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ዛሬ የምትነከሩበት ውሃ አንድ ጊዜ ዝናብ የነበረ፣ ጫካው ላይ የወረደ ውሃ ነው። ይህችን ነገር ልጆቻችሁ ከያዙ የጉዞው ግማሽ ጥቅም ተገኘ ማለት ነው።

መንገዱ

ከይርጋጨፌ ለሚነሣ ሰው እስከ ሐዋሳ 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሣችሁ በወናጎ አድርጋችሁ ዲላ ቁርስ ትበላላችሁ። ይህን የመንገድ ክፍል ልጆቹ ተኝተው እንዳያልፉት። ግራና ቀኝ የምታዩት ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። ከዲላ ወዲያ በጩኮ በኩል አናናስ የምትገዙበት፣ በአፖስቶ በኩል ወደ ይርጋዓለም የምትታጠፉበት የሲዳማ መንገድ ይቀጥላል። ከሐዋሳ በኋላ ብዙ ሰው በሻሸመኔ በኩል ዞሮ ወደ ወንዶ ገነት ይወጣል።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ ሻሸመኔ ሳትደርሱ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን እያያችሁ ስለምትመጡ መንገዱ ራሱ ሽርሽር ነው። በአንድ ቀን ደርሳችሁ ለመመለስ ግን አትሞክሩ። ሐዋሳ ወይም ወንዶ ገነት አድራችሁ ጠዋት ወደ ውሃው ግቡ። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል እንፋሎቱ ከውሃው ላይ ሲነሣ ይታያል፤ ሰውም አይበዛም።

ወንዶ ገነት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ንጉሡ የሚያርፉበት ስፍራ ነበር፤ በኋላም ሆቴል ተደርጎ ለሕዝብ አገልግሏል። ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የደን ትምህርት ማዕከል ነው። ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ብዙ የአገራችን የደን ባለሙያዎች የወጡበት ነው። ጫካው ውስጥ ዝግባ፣ ዋንዛና ብሳና ታያላችሁ። ጉሬዛ ነጭና ጥቁር ካባውን እያወዛወዘ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ልጆች አይጠግቡትም። ጦጣዎቹ ግን የለመዱ ሌቦች ናቸው፤ ሙዝ በእጃችሁ ይዛችሁ አትዘናጉ፤ አትመግቧቸውም። የለመደች ጦጣ ነገ የሌላ ሰው ልጅ ትቧጭራለች።

የክፍያ ዋጋና የመዋኛ ሰዓት በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመነሣታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። «ክፍል አለ?» ብቻ ሳይሆን «ገንዳው ውሃ አለው? መቼ ነው የሚታጠበው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዕረፍቱ የማን ነው?

አሁን «ያዙት» ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ።

የእኛ ቤተሰብ ሽርሽር ሊሄድ ሲያስብ ምን ይሆናል? እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች። ዋዜማውን ሽንኩርት ስትከትፍ አምሽታለች። ዶሮው ይሠራል፤ ድፎው ይደፋል፤ አገልግሉ ይሞላል። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ስኒው፣ ከሰሉ፣ ሣሩ ሳይቀር መኪና ላይ ይጫናል። እዚያ ሲደረስ ልጆችና አባት ወደ ውሃው፣ እናት ወደ ዕቃው። አገልግሉን ትፈታለች፣ ታቀርባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታነሣለች። ቡና ታፈላለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራታል፦ ልብስ መጠበቅ።

በቀደም ጥር ወር አንድ እሁድ ገንዳው ዳር ያየኋቸው እናት ከዓይኔ አልጠፉም። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያልፋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ ጎን አምስት ጥንድ ጫማ፣ በሌላ ጎን የሱሪና የሸሚዝ ክምር፣ በጭናቸው ላይ አራት ስልክ ይዘው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን በእጃቸው እያሹ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ከውሃው ወጥታ እየተንጠባጠበች መጣች።

«አያቴ፣ ነይ ግቢ!»

«ልብሱን ማን ሊጠብቅልሽ ነው?»

ልጅቱ መልስ አላጣችም። ዞር ብላ «አባዬ! አያቴ ልትገባ ስለሆነ ና ልብስ ጠብቅ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትየው እየሳቀ ወጣ፤ ከእናቱ ጭን ላይ ስልኮቹን አነሣ፤ በቦታቸው ተቀመጠ። እሳቸው መጀመሪያ እግራቸውን፣ ከዚያ እስከ ጉልበታቸው፣ ቀስ በቀስ ከነቀሚሳቸው ገቡ። ልጅቱ እጃቸውን ይዛለች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በመጨረሻ «ይሞቃል» አሉ። ይኸው ብቻ።

እኚህ እናት የመጡት ፍል ውሃ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያቺ ልጅ ባትጠራቸው ኖሮ ውሃውን ሳይነኩ ይመለሱ ነበር። ከመካከላችን ስንቱ ነው እናቱን እንዲህ አድርጎ ፍል ውሃ ወስዶ የመለሰው? «እናቴን አዝናናኋት» ብሎ ፎቶ የለጠፈውስ?

ነገሩን በሥራዬ መነጽር ሳየው ሌላም ነገር ይታየኛል። እናቲቱን ገንዳው ዳር ያስቀመጣት ባህል ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ ያለው ሣጥን አለመኖሩም ነው። ልብስና ስልክ የሚቆለፍበት ቦታ ከሌለ አንድ ሰው መቅረት አለበት፤ የምትቀረው ማን እንደሆነች ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በር የሌለው የልብስ መቀየሪያ ካለ ሴት አትገባም። ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ከሌለ ነጠላ ለባሽ እናት አትገባም። የፍል ውሃ ማረፊያ ያላችሁ ወይም ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ስሙኝ፦ ቤተሰቡ የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ የምትወስነው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። እሷ ያልተመቻት ቦታ ሦስት ሰዓት ተውሎበት ይወጣል። እሷ የተዝናናችበት ቦታ ግን ይታደርበታል፤ ለከርሞም ይመጣበታል። ሃያ ሣጥንና ሃያ ቁልፍ ከአንድ ትልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይበልጥ ገበያ ያመጣል።

እናንተ ግን ማረፊያው እስኪያስተካክል መጠበቅ የለባችሁም። በዚህ ጉዞ ከቤታችሁ ልትጀምሯቸው የምትችሏቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ አገልግሉን አንድ ቀን አሳርፉት። ምሳ ከምግብ ቤት ይበላ። «ወጪው» ካላችሁ የዶሮውን፣ የቅቤውን፣ የከሰሉንና የሌሊቱን ድካም ደምሩበትና አስተያዩት። ከቤት መያዝ ግድ ከሆነ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አቮካዶና ሙዝ ይበቃል። ቡናውን በፔርሙዝ ያዙ። ይርጋጨፌ ሆኜ ፔርሙዝ ማለቴ ይቅር ይባልልኝ።

ሁለተኛ፣ ተራ አውጡ። አባት ከልጆች ጋር ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውጭ ይቀመጥ። ትልልቆቹ ልጆች ቀጥሎ ይጠብቁ። ውድ ዕቃ ሆቴል ወይም መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ ውጡ፤ የሚጠበቀው ሲያንስ ጠባቂም ያንሳል።

ሦስተኛ፣ ለእናትም ለአያትም የመግቢያ ልብስ ከቤት አስባችሁ ያዙ። ጠቆር ያለ ሰፊ ቲሸርትና ጉልበት የሚሸፍን ሱሪ ይበቃል። ብዙ እናቶች «አልፈልግም» የሚሉት ውሃውን ጠልተው አይደለም፤ የሚለብሱት ስላልያዙ ነው።

አራተኛ፣ የቤት ሠራተኛችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለእሷም ተራ ስጧት። ሕፃን ለመያዝ ብቻ የመጣች ልጅ የእናቲቱን ቦታ ተካች እንጂ ነገሩ አልተለወጠም።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው

ስለ ጤና የምለውን በቀልድ አትለፉት። ፍል ውሃ ጡንቻን ያፍታታል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምንም ለጊዜው ያስታግሳል። መድኃኒት ግን አይተካም። ወላጆቻችሁ የደም ግፊት ወይም የስኳር ክኒናቸውን «ፍል ውሃ ገብቻለሁ» ብለው እንዳያቋርጡ በግልጽ ንገሯቸው። የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም እርግዝና ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ለዚህ ነው ብዙ የቆየ ሰው ብድግ ሲል የሚያዞረው። ፍል ውሃን በዚህ መጠን በሚያውቁት በጃፓኖች ዘንድ እንኳ አረጋውያን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳሉ የሚደርስባቸው አደጋ የታወቀ የጤና ጉዳይ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስትገቡ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይብቃችሁ። ወጥታችሁ ዕረፉ፤ የሚጠጣ ውሃ ጠጡ፤ ከፈለጋችሁ ተመለሱ። አረጋውያን ሲወጡ እጃቸውን የሚይዝ ሰው ይኑር። ጃፓኖች ከመግባታቸው በፊት ውሃውን በትንሽ ዕቃ ከእግራቸው ጀምረው ወደ ላይ በገላቸው ላይ ያፈሳሉ፤ ሰውነት ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይለምዳል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ቢራና ፍል ውሃ አይስማሙም። ጠጥታችሁ አትግቡ፤ ከወጣችሁና ከቀዘቀዛችሁ በኋላ ይደርሳል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ውሃውን ሌላ ሰው በክርኑ ይለካለት። የተከፈተ ቁስል ያለበት አይግባ። ልጆች ጭንቅላታቸውን ውስጥ እንዳይነክሩ፣ ውሃው በአፍንጫቸው እንዳይገባ ተከታተሉ፤ ሕፃናትን ደግሞ ጭራሽ አታስገቡ። ከሁሉ በላይ ምንጩ ጋ ልጅ ብቻውን አይጠጋ። ድንች የሚቀቅል ውሃ እጅም ይቀቅላል።

ውሃው ከእናንተ በኋላ የት ይሄዳል?

ከገንዳው የሚፈስሰው ውሃ የሚሄድበት አለው። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ጨለለቃ ረግረግ ይገባሉ፤ ከዚያም በጥቁር ውሃ ወንዝ አድርገው ሐዋሳ ሐይቅ ይደርሳሉ። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ የሚገባ ብቸኛው ዋና ወንዝ ነው። ጨለለቃ ራሱ በአባቶቻችን ዕድሜ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ተራራው ላይ ደን ሲመነጠር አፈሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወርደውም እዚያው ነው። ወንዶ ገነት ላይ የጣላችሁት የሻምፖ ፓኬትና የላስቲክ ጠርሙስም ጎርፍ ሲመጣ ያንኑ መንገድ ይከተላል። ማታ ሐዋሳ ወርዳችሁ ዓሣ የምትበሉትም ከዚያው ሐይቅ ነው።

ስለዚህ ሳሙናና ሻምፖ ገንዳውና ጅረቱ ውስጥ አይግቡ። መታጠብ ከፈለጋችሁ እንደ ጃፓኖቹ አስቀድማችሁ በሻወር ታጠቡ። ቆሻሻችሁን በፌስታል ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። አርባ ሰው በአንድ ቀን የሚነከርበት ገንዳ ውስጥ ታጥቦ መግባት ለሌላው ሰው የሚሰጥ ክብር ነው።

ከጃፓኖች አንድ ተጨማሪ ነገር ልዋስ። ፍል ውሃ ባለበት ከተማ የሚታጠብ ሰው በአንድ ቀን አብዛኛውን ጊዜ 150 የን የመታጠቢያ ግብር ይከፍላል። ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ከማረፊያው ዋጋ ጋር ስትነጻጸር አትታይም። ግን የምትውለው ምንጩን ለመጠበቅ፣ ለአካባቢ ንጽሕናና ለጎብኚ መስተንግዶ እንዲሆን በሕግ የተወሰነ ነው። ገንዘቧ ስም አላት። እኛም ፍል ውሃ ባለባቸው ወረዳዎች ከመግቢያ ክፍያው ላይ ጥቂት ብር በስሙ ለይተን «ይህ ለደኑ፣ ይህ ለመጸዳጃው፣ ይህ ለሣጥኑ» ብለን በር ላይ ብንለጥፍ የሚያጉረመርም ሰው የሚኖር አይመስለኝም። ሰው የሚያጉረመርመው የከፈለው ብር የት እንደገባ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ይህ የሚሆነው ነገ አይደለም። የዘንድሮው ጉዞ ግን በእጃችሁ ነው። የአድዋ በዓል በደረሰበት በዚህ ሰሞን የምትሄዱበትን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት እናታችሁን ጥሯትና «ምን እንሥራ?» ሳይሆን «ምን ልብስ እንያዝልሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። መጀመሪያ «እኔ ምን ላደርግ» ትላችኋለች። አትመኗት፤ ደግማችሁ ጠይቁ።

መልካም ጉዞ።